የሚስተር ማካስኪል አራተኛ ቃል

ነገር አሳጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። መንገድ ስትጠይቁት አገጩን ወደ አንድ ወገን ቀስሮ ዝም የሚል፣ ደብዳቤ ስታነቡለት "ይኼ ትርፍ ነው፤ ይኼም ትርፍ ነው" እያለ በጣቱ የሚቆርጥ፣ ተናጋሪ ሲረዝምበት ቁንጫ እንደገባበት ሰው ወንበሩ ላይ የሚቁነጠነጥ አንድ ሰው በየመንደሩ ተመድቧል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም። "ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም" የሚለውን እንኳ "አይጫንም" ብሎ ብቻ ይተወዋል፤ አህያዋን እናንተ ፈልጉ። የእንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ መሆን ፍርሃት ነው። ቆርጦ የጣለው ነገር የት እንደወደቀ፣ አንድ ቀንም ማንን እንደሚያደናቅፍ የሚያውቅ የለማ።

የእኛው አሳጣሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክቡር ሚስተር ሎርን ማካስኪል ነበሩ። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ማሳጠር ያልቻሉት ነገር ቢኖር ቁመታቸውን ብቻ ነው። የኮታቸው እጅጌ ላይ ያሉትን አዝራሮች በምላጭ ቆርጠው ጥለዋቸው ነበር። "ምን ይቆልፋሉ?" ይሉኛል። በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠሩ ተነሡ፣ ብርጭቋቸውን ከፍ አደረጉ፣ "ይስማማሉ" አሉና ተቀመጡ። ሙሽራዪቱ ትንቢት ይሁን ምኞት ሳይገባት ሦስት ልጅ ወለደች።

መጀመሪያ ያወቅኋቸው ቶሮንቶ መሐል ከተማ፣ አንድ የኮምፒዩተር መሥሪያ ቤት ውስጥ የሻይ ጋሪ ስገፋ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሥራ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው እንደሚሞቅ ብቻ ነው። ግን ሻይ የሚቀዳ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። እነዚያ ሰዎች ማሽኑን የሚያናግሩበት፣ ቃሉ ሁሉ አንድ አንድ ምልክት የሆነ ቋንቋ በዚያው በከተማችን ያደገ ነበር። በኋላ የተወለደው ታናሹ ቋንቋማ ስሙ ራሱ አንዲት ፊደል ብቻ ሆነ፤ ጄ። ከዚህ በላይ ማሳጠር ስም አልባ መሆን ነው።

ከሰሌዳው ፊት ሲሰበሰቡ ብታዩ! አንዱ ግድግዳ ሙሉ ጽፎ ይጠብቃል። ሚስተር ማካስኪል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት ያዩታል። ከዚያ ዳስተሩን ያነሣሉ። "ይኼ ትርፍ ነው።" ጠረግ። "ይኼም።" ጠረግ። ግድግዳ ያህል የነበረው ነገር መጨረሻ ላይ የትራም ትኬት ጀርባ የሚበቃው ይሆናል፤ ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ ራሰ በራ የሆኑ ሰዎች ሆኪ ላይ ጎል እንደገባ ይጨፍራሉ። "ሁለት ምልክት ገና ይወጣለታል!" ብሎ አንዱ ከኋላ ይጮኻል፤ ሻዬ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሚስተር ማካስኪልን እዚያው ሰሌዳ ፊት፣ ግንባራቸውን ቋጥረው አገኛቸዋለሁ።

"ምነው? ምን ሆኑ?"

"አልነበብ አለኝ።"

"የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም እንዴ?"

"መጻፍ ከማንበብ ይቀላል" ይሉኛል፤ ሳያፍሩ።

አንድ ቀን ደፍሬ ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኋቸው። ጋሪዬ ላይ ካሉት ስኒዎች ሦስቱን አንሥተው በረድፍ ደረደሩልኝ።

"ድምሩ፣ ሲካፈል፣ በብዛቱ" አሉ፤ ስኒዎቹን በየተራ እየነኩ። "አማካይ ወጣልሽ።"

"የምን ድምር?"

"የምን ብለሽ አትጠይቂ።"

"የሻይ ነው?"

"የሻይም፣ የሰውም፣ የበረዶም። የመጣው ይገባበታል። ሌላው ሰው መጀመሪያ ስም ያወጣል። ይኼ ድንች ይባል ይላል፤ ድንቹን ደምር፣ ድንቹን ቁጠር፣ ድንቹን አካፍል ይላል። ድንች፣ ድንች፣ ድንች! እኛ ድንቹን አናነሣውም።"

ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ የመጣውን ነገር በየፊናቸው ይሠሩታል አሉኝ፤ መሐል ያለው እንደ አገር ሽማግሌ ነው፣ የሁለቱን ሥራ ያጋባል። ጥበቡ ይኼው ነው። ሥራው ይነገራል፤ የሚሠራበት ነገር ስሙ አይነሣም። ቀጥለው አራተኛ ስኒ አንሥተው ከሦስቱ ፊት ሊያስቀምጡ ሲሉ እጃቸውን መለሱ።

"አራተኛ ከመጣ ሌላ ነገር ነው" አሉ። "የሥራው ድርሻ ሁሉ ይለወጣል።" ስኒውንም እንደሚፈነዳ ነገር ቀስ አድርገው ጋሪዬ ላይ መለሱት።

ዓመታት አለፉ። እኔም ጋሪውን ተውኩ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። የተገናኘነው ጄራርድ መንገድ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ምሳ በምናበስልበት ኩሽና ነው። ኩሽናውን የምትገዛው ወይዘሮ ቤሪል ስቶዳርት ነበረች። ትገዛ ነበር ስል እንዲያው ለወግ አይደለም፤ ሰባኪው ራሱ ማንኪያ ሲያነሣ አስፈቅዶ ነው። ሚስተር ማካስኪል እዚያ ምን እንዳመጣቸው ማንም አልጠየቀም። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ አንድ ሰኞ በሩ ላይ ቆመው ተገኙ፤ ድንች ይላጡ ተብለው ልጣጩን ከድንቹ ሲያወፍሩት ጊዜ ቤሪል ቢላዋውን ቀማቻቸው። ከዚያ ማሳጠሩ ተጀመረ።

ደረጃው ላይ "እባካችሁ በበረዶ የራሰ ጫማችሁን ወደ አዳራሹ ይዛችሁ አትግቡ" የሚል ማስታወቂያ ነበር። በማግስቱ "ጫማ፦ ታች" ሆኖ አገኘነው። ቤሪል ከእናቷ የወረሰችው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የአተር ሾርባ አሠራር ነበር። እሱም "አፍላ፤ ቅመስ፤ ጨምር፤ ድገም" ሆነ።

"አተሩስ?" አለች ቤሪል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ሎርን፣ አተሩ የት ሄደ?"

"የመጣው ይገባበታል።"

"ጫማህስ? ጫማህን ላስገባበት?"

"ቅመሽው፤ ከጎደለው ጨምሪ" አሏት፤ ሳይስቁ።

በመጨረሻ ምድጃ የሚያክል የገዛ ኮምፒዩተራቸውን አምጥተው ከድንች ጆንያው ጎን ተከሉት። ከዚያ በፊት ቤሪል የየሰውን ምግብ በእጇ ትጽፍ ነበር፤ ይኼ ጨው አይነካም፣ ያቺ ስኳር አለባት፣ ሽማግሌው ቦልተን ጥርስ የለውምና ይፈጭለት። ክቡርነታቸው ይኼን ሁሉ ሦስት ቃል አደረጉት። ከወዲህ የቤቶቹ ረድፍ ሲገባ፣ ከወዲያ የምግቦቹ ረድፍ ይወጣል። ሳህኖቹ ላይ የሚለጠፈውም ወረቀት አጠረ። ስም ትርፍ ነው ተባለና የበር ቁጥር ብቻ ቀረ። እኛ ሴቶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚበላ በልባችን እናውቀው የነበረው ቀስ በቀስ ጠፋብን። ቁጥር ምን ትዝታ አለው?

ሥራውስ ይሠራ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ቤሪል አልተኛችለትም።

"ሎርን፣ አንድ ቀን በረዶ ላይ ተንሸራተህ ብትሞትብኝ፣ ይኼን ጉድ ማን ያነብልኛል?"

"ማንም።"

"እና ምን ይዋጠኝ?"

"አልንሸራተትም።"

እኔም እንደ እሷ እፈራ ነበር። በተለይ አርብ አርብ። አርብ ዓሳ ነው፤ ላዩ በተፈጨ ድንች ተደፍኖ በምድጃ የሚጋገር። ፔፕ መንገድ፣ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ደግሞ ወይዘሪት ኢዲት ክራዶክ አለች። ኢዲት የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፒያኖ ያስተማረች፣ ጆሮዋ የደከመ፣ ዓሳ ከቀመሰች ጉሮሮዋ የሚዘጋ ሴት ናት። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ ዓሳ በነካ ማንኪያ ሾርባ ጠጥታ ፊቷ እንደ ቀይ ሥር ሆኖ በቃሬዛ ስትወጣ አይቻለሁ። እሱን ያየ ሰው አርብን ዘና ብሎ አይውልም። ለኢዲት አርብ አርብ የአሳማ ጎድን ለብቻ ይጠበስላታል። ሌላ ማንም ጎድን አያገኝም።

ያን አርብ በረዶ ሲጥል አድሮ ነጋ። ምሳ አድራሹ ፓናዮቲስ፣ ከዳንፎርዝ ሰፈር የሚመጣ ባለ ሙሉ ጺም ግሪክ፣ እግሩን እያራገፈ ገባ።

"ጌታው ሎርን!" አለ። "ዛሬ ከዚህ አልጀምርም። በረዶ ጠራጊው መኪና ከወዲያ ጫፍ ነው የመጣው፤ የተጠረገው እዚያ ነው። ረድፉን ገልብጥልኝ፤ ከመጨረሻው ቤት ልጀምር።"

"ሳህኖቹን ከታች ወደ ላይ አንሣቸው፤ ምን ችግር አለው?" አለች ቤሪል።

ሚስተር ማካስኪል የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። "አንድ ቃል ነው" አሉና ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚታተመውን የቤቶቹን ረድፍ ገለበጡ። የምግቦቹም ረድፍ አብሮ እንዲገለበጥ ከሦስቱ ቃሎቻቸው ፊት አንዲት ቃል ጨመሩ። ገልብጥ የምትል ቃል። ወረቀቱ እየተንጣጣ ወጣ። ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው "አማረ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይኼ ቅኔ ነው።

ሳህኖቹ ተለጠፉ፣ ፓናዮቲስ ጭኖ ወጣ፣ እኔም ወደ ድስቶቼ ዞርኩ።

ድስቶቼን ፈትጌ ሳልጨርስ ፓናዮቲስ በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ ጺሙ ላይ በረዶ ተጋግሯል፣ ሳቁ ግን ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል።

"መኪናዬ ከቦልተን ጓሮ ተሰንቅራ ቀረች!" አለ። "ሽማግሌውም ሊገድለኝ ነበር! ምሳውን ፊቴ ከፈተው። 'ይኼን በምኔ ልብላው፣ በድዴ?' ብሎ በሹካ አባረረኝ። እናንተ ሰዎች፣ ጥርስ ለሌለው ሰው የአሳማ ጎድን ምን ይሉታል?"

ሳቅን። እኔ ራሴ ስቄያለሁ። የቤሪል ሳቅ ግን መሐል ላይ ቀጥ አለ።

"ጎድኑ የኢዲት ነው" አለች።

ድስቱ ከእጄ ተንሸራትቶ ውኃው ውስጥ ገባ።

"ጎድኑ ቦልተን ጋ ከሄደ" አለች ቤሪል፣ ቀስ ብላ፣ "ኢዲት ጋ ምንድን ነው የሄደው?"

"እሷንማ መጀመሪያ ነው ያደረስኳት" አለ ፓናዮቲስ። "ከእጄ ተቀብላ ገባች። ጉንፋን ይዟታል፤ አፍንጫዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል።"

ሚስተር ማካስኪል ማሽኑ ፊት ቆመው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸው የማሽኑ መስኮት ላይ ያለችውን መስመር ትነካለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"አራት" አሉ።

"ምን አራት?"

"አራት ሆኑ። ገልብጥ ብቻዋን አንድ ነገር ብትቀበል ትገለብጥ ነበር። ከሦስቱ ፊት ሳቆማት ግን ሁለት ነገር አስያዝኳት፤ ጥሬውንና የተሠራውን። ሁለት ከያዘች ደግሞ አትገለብጥም፤ ታሽከረክራለች።"

"ሎርን ማካስኪል!" አለች ቤሪል። "በሰው ቋንቋ ንገረኝ!"

"እያንዳንዱ ቤት የሌላ ቤት ምሳ ደርሶታል" አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ቤሪል ስልኩን አነሣች። የኢዲት ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። ኢዲት በደህናውም ቀን ስልክ አትሰማም። አምቡላንስ ተጠራ፤ እንመጣለን፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል አሉ። ስኳር ያለባቸው ከጄራርድ ወዲህ ማዶ ናቸው፤ ወደነሱ ፓናዮቲስ ኮቱን ሳይቆልፍ ሮጠ። ቤሪል ሌሎቹን በስልክ ልትይዝ ቀረች። እኔ ዞር ስል ሚስተር ማካስኪል የሉም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ባርኔጣቸው ከማሽኑ ላይ ተቀምጧል።

ባርኔጣውን ይዤ ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኩ ብትጠይቁኝ፣ ባርኔጣውን ልሰጣቸው ነው እላችኋለሁ።

ጄራርድ ላይ ትራሞቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በረዶው ሐዲዱን ውጦታል፤ ነጂዎቹ ወርደው ሲጋራ ያጨሳሉ። "ወዴት ነው የምትሮጡት፣ ሰርግ አለ?" አለን አንዱ። አለፍነው። ሚስተር ማካስኪል ረጃጅም እግራቸውን እያነሡ ይጥላሉ፣ አንድ ጊዜ ወደቁ፣ ተነሡ፣ ደግመው ወደቁ። በረዶው እጅጌያቸው ውስጥ ገብቷል። እኔ እየዳከርኩ ደረስኩባቸው።

"ዓሳው ላይ ድንቹ በደንብ ተደፍኗል?" አልኳቸው።

"ተደፍኗል።"

"እንግዲያው አታየውም።"

"አታየውም።"

"በጉንፋኗ ደግሞ አታሸተውም።"

ይኼን ጊዜ ቆም ብለው አዩኝ፤ እንደ ሕፃን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና መናገሬን ጠላሁት። ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፋሁላቸው፤ ጉዟችንን ቀጠልን። በልቤ ያን ቀይ ሥር የመሰለ ፊት እያየሁ ነው። አሁን ሹካውን አነሣች እላለሁ። አሁን ጎረሰች። አሁን እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። የሚረዳት አጥታ መጋረጃውን ይዛ ወደቀች። የፔፕ ዳገት እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ከታች ያለው በር ክፍት ነበር። ደረጃውን ሚስተር ማካስኪል ሁለት ሁለቱን ወጡት፤ እኔ በእጅና በእግሬ። የኢዲትን በር መቱት። መልስ የለም። በጡጫ መቱት።

"እመቤት!" አሉ። ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ቆዩና፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከውስጣቸው ወጣ። "ኢዲት! ኢዲት ክራዶክ! ኢዲት፣ እንዳትበዪው!"

እጀታውን ስጫነው በሩ ተከፈተ፤ አልተቆለፈም ነበር።

ኢዲት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ናፕኪኗ አንገቷ ሥር ተሰክቷል። አንገቷ ደረቷ ላይ ተደፍቷል። ሹካው እጇ ውስጥ ነው። አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ሬሳ አጥቤ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን አንገት ሳየው አለቀ አልኩ። ሚስተር ማካስኪል የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ።

ከዚያ ጠረጴዛው አካባቢ አንድ ድምፅ ሰማን። ማንሾካሾክ ነው።

"...ደግሞም ለሃሪየት ፖምፍሬት፣ ግራ እጇ እምቢ ላላት። ለወንድሟም ለዋልተር፣ ጦርነት ሄዶ ላልተመለሰው። ለመንትዮቹ ለግሌዲስና ለማቭስ። ለዚያ ለቀይ ጸጉሩ ልጅ፣ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ፤ አይ፣ ቆይ፣ መጣልኝ፣ ሴሲል። ለሴሲል..."

ምሳዋን እየባረከች ነበር። ፒያኖ ያስተማረቻቸውን ልጆች ሁሉ፣ የሞቱትንም ያሉትንም፣ በየስማቸው ሳትጠራ ኢዲት እህል አፏ አይገባም። ምግቡ ሲደርሳት ስለሚቀዘቅዝ መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ ታስገባዋለች፤ አውጥታ ከፊቷ ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ስሞቹ ይጀምራሉ። ድንቹ ላይ አንዲት የሹካ ጭረት አልነበረችም።

ሚስተር ማካስኪል በሁለት እርምጃ ደርሰው ሳህኑን ከፊቷ መነተፉት። ሳህኑ ከምድጃ የወጣ ነው፤ ይፋጃል። አልለቀቁትም። እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ ግድግዳው ሸሹ።

ኢዲት ቀና አለች። "ሙሪየል!" አለችኝ። "ይኼ ሰውዬ ምሳዬን ሊበላብኝ ነው?"

ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ወንበር ላይ ይሁን የኢዲት ድመት ላይ አላውቅም። መሳቅ ጀመርኩና ዕንባ ሆነብኝ።

ሚስተር ማካስኪል ያን ጊዜ ተናገሩ። እኔ ይኼን የምነግራችሁ ብዙ ሰው ስለማያምነኝ ነው፤ ተናገሩ፣ አላቆሙም። ሳህኑን እንዳቀፉ፣ ከኮታቸው በረዶው እየቀለጠ ምንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ።

"ወይዘሪት ኢዲት ክራዶክ" አሉ፣ "ይኼ ዓሳ ነው፤ ከድንቹ ሥር ዓሳ አለ፣ እኔ ነኝ የላክሁብሽ፣ እኔ ሎርን ማካስኪል። ስምሽን ከወረቀቱ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስም ትርፍ ነው ያልኩ እኔ ነኝ። ሦስት ቃል ነበሩ፣ ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር፣ ፓናዮቲስ ገልብጥልኝ ሲለኝ ሳህኖቹን ከታች ማንሣት ይበቃ ነበር፤ ቤሪልም ነግራኝ ነበር፤ ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት አልኩ፣ አማረችኝ፣ ኢዲት፣ አምራኝ ልገድልሽ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጥ ኖሬ የሚቆረጠው ነገር ሰው መሆኑ አልታየኝም። ኢሶቤል፣ ሚስቴ፣ ኢሶቤል ስትሞት ሰባኪው ተናገር ብሎ አቆመኝ። ትርፍ ያልሆነ ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ፣ ተቀመጥኩ። ምንም ሳልላት ቀበርኳት። ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደምትጠጣ፣ ትራም ስትጠብቅ እንደምታንጎራጉር፣ ስቆጣ ዘወር ብላ እንደምትስቅ፣ ይኼን ሁሉ ማለት እችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ ያ ኩሽና ብቻ ነው። ቤሪል ብታባርረኝ ልክ ናት፤ ማሽኑን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ፣ የሁሉንም ስም በእጄ እጽፋለሁ፣ የሃሪየት ወንድም ዋልተር ስም ሳይቀር እጽፋለሁ፣ ብቻ አንቺ..."

እዚህ ላይ ድምፃቸው ከዳቸው። ትንፋሽ ወስደው ደግሞ ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን እዚህ አልጽፈውም። ከውጭ የአምቡላንሱ ጩኸት ከዳገቱ ሥር ይሰማ ነበር፤ ፓናዮቲስም ባለ ስኳሮቹን ሁሉ ቀድሞ እንደደረሰላቸው ከሰዓት በኋላ ሰማን። እኔ ግን ያን ጊዜ ዓይኔን ከሚስተር ማካስኪል አልነቀልኩም። ያ ሁሉ ነገር የት ተቀምጦ ኖሯል እያልኩ ነበር።

ጨረሱ።

ኢዲት ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የመስሚያ መሣሪያዋ ባትሪው እንዳያልቅ ተብሎ መደርደሪያው ላይ፣ ከጌጥ ሳህኖቹ መሐል ተቀምጧል።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ይቅርታ ይላል" ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህኩ።

"ይኼን ሁሉ አውርቶ?"

"ይኼን ሁሉ አውርቶ።"

"እንግዲያው ሳህኑን ያስቀምጥ" አለች ኢዲት። "እጁ እየተቃጠለ ነው።"

ሚስተር ማካስኪል ከተናገሩት የቀረውን ለራሴ አስቀረሁት። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልቆረጥኩለትም።